ልብሽ ደህና ነው

ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ካርድ ክፍል ተሰልፌ፣
ሦስት ሰዓት ላይ ገባሁ ነጠላዬን አጣጥፌ።
ሽቦ ለጣጠፉብኝ ከደረቴ፣ ከእጅ ከእግሬ፣
ማሽኑ እየተንጫጫ ጻፈው የልቤን ወሬ።
ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ወረቀቱን ወደ መስኮት አነሣና
«እህቴ፣ ልብሽ ደህና ነው» አለኝ፣ «ልብሽስ ደህና።
ጭንቀት ነው እንጂ ሌላ በሽታ የለብሽም፤
አታስቢ።»
እሺ። እኔም እኮ ማሰብ አልወድም።

ከየትኛው ልጀምር ታዲያ ይህን አለማሰብ?
አከራዬ ከምትጽፈው፣ ከሁለት ወር ሒሳብ?
ወይስ ከአማቴ? ከደንቢያ ሲመጡ፣ ቅቤው ከእጃቸው ሳይወርድ፣
ዓይናቸው ሆዴን ይለካል፣ እንደ ርስት መሬት በገመድ።
«አንዲት ሴት ልጅ ብቻ? ይህ ቤት ወንድ አይበቅልበትም?»
ሶስና በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ባሌ ጫማውን ያያል፤ አይናገርም።

አሁን መተማ ወርዷል፣ ሰሊጥ ሊጭን።
ከሰኞ ጀምሮ ስልኩን ስሞክር
አንዲት ለስላሳ ሴት ታነሣለች፣
«የደወሉላቸው ደንበኛ» ትለኛለች፣
(የእኔን ሰው፣ ደንበኛ!) «አሁን ማግኘት አይችሉም።»
ኧረ ድሮም አልቻልኩም፤ ቤት እያለም አልቻልኩም።

መንገዱ ላይ ሰው ይታገታል፣ ብር ይጠየቃል ይባላል፤
ይህን ሳስብ ልቤ ይዘላል። ከሥሩ ደግሞ ሌላው ይመጣል፦
ገንዳ ውኃ ላይ ሌላ ቤት ቢኖረውስ? ይኸኛው ያሳፍረኛል፤
ከመታገቱ ይልቅ ይኸኛው እንቅልፍ ይነሣኛል።

በዐሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቼ ስዳር፣
እናቴ አንድ ምክር ሰጠችኝ፣ ከአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ጋር።
«ገበናሽን ክደኚ። ቻይው። ትዳር መቻል ነው።»
ቻላቸው የባሌ ስም ነው፤
ሥራው ግን የእኔ ነው።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ፤ «ጸበል ግቢ» አሉኝ፤ ገባሁ።
ለእናቴ ደወልኩ፤ «ለሰው እንዳትነግሪ» አለችኝ፤ ዋልኩ አመሸሁ
እንደ ተከደነ ድስት።
የተከደነ ድስት ግን ይገነፍላል እንጂ አይበርድም፤
ይህን የማታውቅ ሴት የለችም። ሽማግሌ ግን አያውቅም።

እኛ ሰፈር ቧንቧ የሚመጣው በዐሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፣
እሱም እንደ ሌባ፣ ሌሊቱን መርጦ ነው።
ያን ቀን ማታ አራት ሴቶች፣ ጀሪካናችንን ደርድረን፣
መብራት የለም፣
ቁር ከአንገረብ በኩል እየገረፈን።

«ጠዋት ሐኪም ቤት አየሁሽ» አለችኝ ደብሬ።
«ጥርሴን» ልል ነበር፤ ግን ጨለማ ነው፤ አይታይም ግንባሬ።
«ልቤ ነው» አልኳት። «ይዘላል። ደህና ነው ይላሉ።»
ዝም።
ሦስቱም ዝም አሉ።
ከዚያ እናኑ፣ (ባሏ ባንክ ቤት፣ ሶፋዋ አዲስ ነው፤
ስንት ጊዜ ቀንቼባታለሁ) «ሌሊት ሌሊት ነው?»
አለችኝ። «ጣትሽን ያደነዝዝሻል? ጉሮሮሽን ያንቅሻል?»
«አዎ።»
«እኔም ወረቀቱ አለኝ። ፍራሽ ሥር። ዓመት ሆኖታል።»

ደብሬ ሳቀች፣ ወይም አለቀሰች፤ በጨለማ አይለይም።
አዲሷ ሙሽራ ብቻ ትንፍሽ አላለችም፤
ጀሪካኗን ወደ እኛ አስጠግታ ተቀመጠችበት።

ገና ወጋችን ሳይጀመር ቧንቧው አጓራ።
መጀመሪያ የሚወጣው ነፋስ ነው፤ ረጅም፣ ደረቅ ትንፋሽ፣
የስንት ቀን የታመቀ። ከዚያ ዝገት።
«ቶሎ በይ፣ ይሄዳል! ያንቺ ነው ተራሽ!»
ደፈርኩና ከፈትኩት።
እጄ እንደተንቀጠቀጠ ነው፤
ጀሪካኑን ግን ሁለት እጅ ይዞታል፣
አንዱ የእኔ አይደለም፤
የማን እንደሆነ አላየሁም።